ድምፅ የሌለው በረዶ

ጥር 2008 ዓ.ም.፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስገባ እማዬ ትንሹን ልጄን ታቅፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ነገ በረዶ ሊጥል ነው፤ ከባድ ነው እያሉ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ወይኔ ልጄ! አዝመራቸውን ሰብስበዋል?» አለች።

መልስ አጣሁ። እኔ ሳስብ የመጣሁት ስለ ወተት፣ ስለ ዳይፐርና ስለ ቅዳሜ ፈረቃዬ ነው። ለእማዬ ግን በረዶ ማለት ሊያሽት የደረሰ ማሽላ ላይ ወርዶ ቅጠሉን የሚበሳሳ፣ የዓመት ቀለብ በሩብ ሰዓት ይዞ የሚሄድ ነገር ነው። እኛ አገር፣ ቆቦ ላይ፣ ሌላ በረዶ የለም። ቋንቋችንም ብዙ አልለየውም፤ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ይህን እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚረግፈውንም በአንድ ስም እንጠራዋለን። አመዳይ የሚለውን ቃል ደጋ ያደጉት ለውርጩ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ እኛ የቆላዎቹ ግን አፋችን ላይ የለም። ስለዚህ «አይ እማዬ፣ ይሄኛው እህል አይመታም፤ መንገድ ነው የሚዘጋው» ብዬ አለፍኩት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

እማዬ የመጣችው በጥቅምት ነው፤ ትንሹን ስወልድ ልታርሰኝ። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ አንድ ፌስታል ጦስኝና በጨርቅ የተቋጠረ በሶብላ ነበር። እዚህ እንድትቆይ የተሰጣት ስድስት ወር ነው፣ ሚያዝያ ላይ ያልቃል። እኔ 12 ሳምንቱን ያለ ክፍያ ቤት ቆይቼ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ልጄን ለእናቴ ትቼ ስለምወጣ ልቤ አያመኝም። ከሚያዝያ በኋላ ምን እንደምናደርግ እኔና ባለቤቴ ጀምረን የምንተወው ወሬ ነው። የሕፃናት መዋያ ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ ከቤት ኪራያችን የሚተናነስ አይደለም።

ደግሞ ሰዉ ሁሉ የደነገጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ረቡዕ፣ የጥምቀት ለት ማታ፣ አንድ ኢንች ገደማ ብቻ ጣለ፤ መንገዱ ጨው ስላልተነሰነሰበት ግን ወዲያው መስታወት ሆነ። የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ ሳይቀር እየተንፏቀቀ ነው የገባው። ባለቤቴ ዲሲ ታክሲ ይነዳል፤ ያን ማታ የመጨረሻ ሰው አውርዶ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመመለስ አምስት ሰዓት ፈጀበት። መኪኖች ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ እያየ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሳ። ሲገባ እማዬ ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ ስትል «ኧረ እማማ፣ ይተዉ!» ብሎ እጇን ያዛት። ጣቶቹ ግን ክሩን መፍታት አልቻሉም ነበር። እሷ ናት የፈታችለት።

እና ሐሙስ ሱቁ ሁሉ ተራቆተ። ዳቦ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ሀበሻ ሱቅ ስደርስ እንጀራው አልቆ፣ ሰዉ የማታው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም ቆምኩ። ሥጋ የሚቆርጠው ልጅ ቅልጥም እንዳለው ጠየቅኩት፤ አራት ትልልቅ አጥንት ከነሥጋው በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። የተፈተገ ገብስ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ዝንጅብል ጨመርኩ። አንድ ከረጢት እንጀራ ደረሰኝ። ቤት ስገባ ከገዛሁት ሁሉ እማዬ ያየችው ቅልጥሙን ነው፤ በእጇ መዘን መዘን አድርጋ «ይሄ ለቅዳሜ ነው» አለችና ፍሪጅ ውስጥ ከታች አስቀመጠችው።

ዓርብ ትምህርት ቤቱ ገና ሳይጀምር ተዘጋ። ቀን 7 ሰዓት ገደማ ጀመረ። ትልቋ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «እማማ ነይ! ነይ!» ትላለች። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ቀረበች። ጥቂት አየችና ጆሮዋን ወደ መስታወቱ አዞረች። ምን እንደምታደርግ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ድምፁን እየፈለገች ነበር። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ይሄ ግን ምንም አይልም። «ዝም ብሎ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ትንሹን እንዳትቀሰቅስ ይመስል።

ጾም ስለነበር ያን ቀን የምስር ሾርባ ነው የሠራነው። ምስሩን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አብስዬ በእርድ ብቻ አቀጠንኩት፤ ከቆየ እንጀራ ጋር በላን። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሞቆ ነበር፣ ያ በቂ ነው።

ሌሊቱን ትንሹን ላጠባ ስነሳ እማዬ ሳሎን ቆማ ዳዊቷን ትደግማለች። መጋረጃውን ገልጣዋለች፤ የመንገዱ መብራት በረዶው ላይ አርፎ ክፍሉ ብርቱካናማ ሆኗል። ስትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ከበረዶ ይልቅ ነጭ አድርገኝ እያልኩ ስጸልይ ይሄን አላውቀውም ነበር እኮ» አለችኝ። «ያንን የኛን ጠጠር ነበር የማስበው። እሱ ደግሞ ወዲያው ጭቃ ይሆናል። ምን ነጭ ነው እያልኩ እገረም ነበር።» ከዚያ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ልጁ ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ገና በጊዜ ጮኸ። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ያሉት መውጣት አልቻሉም፣ የቀን ሰው ያስፈልጋል። ሜትሮው ዓርብ ማታ 5 ሰዓት ላይ ቆሞ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ዝግ ነው፤ አውቶቡስም የለም። «ትልቅ መኪና እንልካለን፣ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ» አሉኝ። ወተቴን አልቤ ጠርሙስ ላይ አስቀመጥኩ፣ ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ቡትስ አደረግኩ፣ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ማንም አልመጣም፤ ስደውልም የሚያነሳ የለም። ከሰዓት በኋላ የተደወለው ያለመምጣቴ እንደሚመዘገብብኝ ሊነግሩኝ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለመሄድ ፈልጌ ነበር እኮ። አንዲት አሮጊት አሉ፣ ማንኪያውን ከእኔ እጅ ካልሆነ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ቀኑን ሙሉ በልተው ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው የዋልኩት። ይህን ለማን ልንገር? እማዬ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ እንባዬን ስታይ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አለችኝና ወደ ምድጃው መለሰችኝ። «ነይ ዝንጅብሉን ውቀጪልኝ።»

እማዬ ሾርባ ስትሠራ አትቸኩልም። ገብሱን ዓርብ ማታ ነው የዘፈዘፈችው ብዬ ነበር፤ ለካ ሳላይ ደረቁን መጥበሻ ላይ አመስ አድርጋዋለች፤ ጠርዙ ቡኒ እስኪል ብቻ፣ ከዚያ ነው ውሃ ውስጥ የከተተችው። ሽታው እንደ ቆሎ ነው። አጥንቱን በፈላ ውሃ ለቃልቃ ደፋችው፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ጣደችው። ሲፈላ የሚወጣውን ግራጫ አረፋ በጭልፋ እየገፈፈች፣ እየገፈፈች፣ አንዴም ሳትሰለች፣ ውሃው እስኪጠራ። ያኔ ነው ቀይ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ለሁለት ተከፍሎ የገባው፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ገብሱ። ሁለት ሰዓት ያህል በስሱ እሳት ቆየ። ካሮትና ድንቹ ከዚያ በኋላ ገቡ። መጨረሻ ላይ ጦስኙን በመዳፏና በመዳፏ መሃል አሽታ በተነችበት፣ እጇንም አሸተተችው። እኔም አሸተትኩት። የጥጥ ጋቢ፣ ጭስና ጦስኝ፤ የእናቴ እጅ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሸተው፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆና።

ድስቱ ላይ እያለ በቫይበር ቆቦ ተደወለ። ወንድሜ ነው። በልጉም ክረምቱም የከዳበት ዓመት ነው፤ አገሪቱ ውስጥ ርዳታ የሚሹት ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው የተነገረው ባለፈው ወር ነው፤ ራያ ቆቦም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። እሱ ግን እንዲህ ያለ ወሬ አያወራም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት ነገራት። እማዬ ናት ፈልፍላ የጠየቀችው። «በሬዎቹስ?» ዝም አለ። «ሐምሩን ሸጥኩት» አለ። ከ14 ሺህ ብር የማያንሰውን በ8 ሺህ። ገለባ አልቆ፣ ቆሞ ከሚያልቅ ብሎ።

እማዬ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «ታዲያ ከማን ጋር ልትቀናጅ ነው?» ብቻ አለችው። አንድ በሬ ያለው ሰው መቀናጆ ካላገኘ አያርስም፤ ሰፈሩ ሁሉ አንድ አንድ ከቀረው ደግሞ ማን ቀድሞ ያርሳል? ዝናቡ ቢመጣ እንኳ። ስልኩን ስትዘጋ ጭልፋው እጇ ላይ ነበር። ድስቱን ከፈት አድርጋ አጥንቱን አየችው፣ መልሳ ከደነችው።

ባለቤቴና እኔ መኝታ ክፍል ገብተን ሒሳብ ሠራን። 14 ሺህ ብር በጥር 2008 ምንዛሪ 670 ዶላር ገደማ ነው። ኪራያችን 1,450 ነው፣ በስምንተኛው ቀን ይከፈላል። የታክሲው ኪራይ በሳምንት 280፤ በረዶ ጣለ ብሎ የሚቀር የለም። ኡበር ከመጣ ወዲህ ደህና ቀን እንኳ ቀድሞ የምናውቀው ቀን አይደለም፤ አሁን ደግሞ ረቡዕ ማታ ጠፋ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ዜሮ። እኔም የቅዳሜው የለኝም። የአንድ በሬ ዋጋ የግማሽ ወር ኪራያችን እንኳ አይሞላም፤ ግን የለንም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው ሆዴ ተገለበጠ። «200 አሁን እንላክ፣ የቀረውን በየካቲት» አለ ባለቤቴ። «ገለባ ይግዛበት፣ የቀረው በሬ እንዳይሸጥ።» ከእኔ ቀድሞ እሱ ነው ያለው። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ የራሱ ወንድም አይደለም።

ሳሎን ስንመለስ ልጄ በረንዳውን ከፍታ ትንሿን ድስት በበረዶ ሞልታለች። «እማማ ናት ያዘዘችኝ!» እማዬ ድስቱን ከሾርባው ጎን ጣደችው። ሦስታችንም ቆመን አየን። ነጩ ክምር ከዳር ዳር መራቅ ጀመረ፣ ከዚያ መሃሉ ሰመጠ፣ ከዚያ እንደ ረጠበ ስኳር ግራጫ ሆነ፤ አንዴ ደግሞ ምንም። ከታች ትንሽ ውሃ፣ ላዩ ላይ የጥላሸት ነጥብ። እማዬ በሻይ ብርጭቆ ሰፈረችው። ሦስት ብርጭቆ አልሞላም።

«ያ ሁሉ ይቺ ናት?»

«አሥር ኢንቹ ቢቀልጥ አንድ ኢንች ቢሆን ነው» አለ ባለቤቴ።

ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ አሁንም እየጣለ ነው፤ የባለቤቴ ቀይ ታክሲ የት እንደቆመ የሚለየው ጣሪያው ላይ ባለችው መብራት ብቻ ነው። በመጨረሻ በሬገን ኤርፖርት 17.8 ኢንች፣ በደለስ ኤርፖርት ደግሞ 29.3 ኢንች ነው የተለካው። እማዬ ቁጥሩን አትፈልገውም። «ይቺም ብትሆን» አለች፣ በጣቷ የብርጭቆውን አፍ እየነካች። «ይቺም ብትሆን እኮ ለጎሊና ብዙ ነበረች።» ጎሊና በደጃችን የሚያልፈው ወንዝ ነው።

ሾርባውን በላን። እማዬ አልበላም ትለናለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቀድማ ነው የቀረበችው። ቅልጥሙን በጨርቅ ይዛ ሰሃን ላይ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው ውስጡ ሙሉውን ወጣ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጫፉ ላይ ጦስኝ ተለጥፎበት። ጨው ነስንሳ ዳቦ ላይ ቀባችና ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ቀመሰችው፤ ከዚያ ሌላውን አጥንት አሳየቻት። ገብሱ ፈንድቶ መረቁን አወፍሮታል፤ ሎሚና ቃሪያ ጨምረንበት ግንባራችን እስኪያልበው ጠጣን። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አስቀዳ። «በሬ የሞተበት ሰው ሥጋውን ይጥላል እንዴ?» አለችኝ እማዬ በኋላ ሰሃን ስናጥብ፣ ሳልጠይቃት። ፊቴን አይታ ነው።

እሑድ ፀሐይ ወጣች፤ ዓይን አታስከፍትም። የሕንጻው ወንዶች ሁሉ መኪናቸውን ሊቆፍሩ ወረዱ። እኛ አካፋ የለንም፤ ታች ያሉት የኤል ሳልቫዶር ሰው የእሳቸውን ሰጡን፤ ራሳቸውም ከባለቤቴ ጋር ቆፈሩ። እማዬ የተረፈውን ሾርባ በሳህን ሞልታ ላከችላቸው። ማታ ሳህኑ ሲመለስ አራት ትኩስ ፑፑሳ፣ የአገራቸው ቂጣ፣ ነበረበት። «አየሽ» አለችኝ «እነሱም ባዶ ዕቃ አይመልሱም።» ከሰው አገር ሰው ጋር ስትዛመድ ያየኋት ያኔ ነው፤ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ።

ዛሬ ሰኞ ነው፣ ጥር 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ባለቤቴ በጠዋት ወጥቷል፤ ዋና ዋናው መንገድ ተከፍቷል አሉ። እኔ የምገባው ማታ ነው። ስለተመዘገበብኝ ነገር አለቃዬን ፊት ለፊት አናግራለሁ ብዬ ከሌሊት ጀምሮ ቃላት እያዘጋጀሁ ነው። ልጄ ይህ ሁሉ በረዶ ሲቀልጥ የት እንደሚሄድ ለእማዬ ታስረዳታለች፤ ከኛ ሰፈር ወደ ስላይጎ ክሪክ፣ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ፣ ከዚያ ፖቶማክ፣ ከዚያ ባሕር። እማዬ እያንዳንዱን ስም ትደግማለች። «ባሕር? ዝም ብሎ ባሕር ይገባል?» «አዎ እማማ።»

እኛ ያለነው መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን የጣሪያው ጠፈጠፍ በረንዳው ላይ ይወርድ ጀመር። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ያለማቋረጥ። እማዬ ድምፁን ስትሰማ ትንሹን ለእኔ ሰጥታ ተነሳች። የመወልወያውን ባልዲ አጥባ ከጠፈጠፉ ሥር ደቀነችው።

«እማዬ፣ ቧንቧ እያለ ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ጠፈጠፍ እየወረደ ዕቃ አይደቀንም እንዴ?»

የመጀመሪያውን ደፋችው፤ የጣሪያውን እድፍ ያጠበ ስለሆነ። በሁለተኛው የትንሹን ልብሶች አጠበች፤ ማሞቂያው ላይ ተሰጥተው እየደረቁ ናቸው። ይህን ስጽፍ ሦስተኛው ሊሞላ ነው፣ እሷም የሾርባውን ድስት ይዛ ወደ በረንዳው እየወጣች ነው።